«አረማመዴን ሳይቀር ከሰው ተማርኩ»፦ ለሦስት ደብዳቤዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር ለዓምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች ውስጥ ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ፣ የራስን ጾታ ስለ መውደድ፣ የሚናገሩ ስለሆኑ አንድ ላይ ልመልሳቸው ወስኛለሁ። የተጻፉት ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎና ከአሸዋ ሜዳ ነው። ሦስቱም ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ነባሩን ገበሬ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰውንና ከመሀል ከተማ የተነሣውን ሰው ጎን ለጎን ያስቀመጠችባቸው የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ ሰፈር ሰው ከሰው ጋር ገና እየተዋወቀ ስለሆነ ዐይን ይበዛል። ጸሐፊዎቹ እንዳይታወቁ ዕድሜያቸውንና ሥራቸውን ለውጫለሁ፤ የተሰማቸውን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ስለ ቃል አንድ ነገር ላስቀድም። በአደባባይ የተለመደው መጠሪያ «ግብረ ሰዶም» የሚለው ነው። ቃሉ ገና ሲጠራ ፍርዱን ይዞ ስለሚመጣ ሰውን ለመጥራት አልጠቀምበትም። የራሳቸውን ጾታ የሚወዱ ሰዎች በመካከላቸው «ዜጋ» ይባባላሉ። ታክሲ ውስጥ ቢነገር ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ ለሚያውቀው ግን «እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ» የሚል ወርቅ አለበት። ይህን ቃል ሳስበው ልቤ ይነካል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ፣ ከቱሉ ዲምቱ

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 23 ነው። የምኖረው ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ወደዚህ የመጣነው ዕጣው ለእናቴ ሲደርሳት፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ያን ጊዜ ደረጃው መደገፊያ እንኳ አልነበረውም፣ ውኃም ከታች በጀሪካን ተሸክመን ነበር የምናወጣው።

በአዲሱ ትምህርት ቤት ልጆች ‹እንደ ሴት ትሄዳለህ› ይሉኝ ጀመር። መጀመሪያ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በሰልፍ ላይ አንድ መምህር ከፊት አስወጥቶ አስኬደኝ፤ ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ አጎቴ እሑድ እሑድ ሊጠይቀን ሲመጣ ከኋላው እየተከተልኩ አረማመዱን ማጥናት ያዝኩ። እርሱ ተረከዙን አስቀድሞ ነው የሚረግጠው፣ ትከሻው አይንቀሳቀስም፣ እጁን ከኪሱ አያወጣም። ማታ ማታ መብራት በሌለው የአራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ወዲያና ወዲህ እያልኩ ተለማመድኩት። አሁን ስለ አረማመዴ የሚናገር የለም። ግን ደክሞኛል።

ወንዶችን እንደምወድ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ለሴት ልጅ እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ሞክሬም አልሆነልኝም። ሰንበት ትምህርት ቤት በመዝሙር አገለግል ነበር። በ2015 ዓ.ም. በቲክቶክ የሰዎችን ፎቶና ስም እያወጡ ‹እነዚህ ናቸው› የሚሉ ቪዲዮዎች በበዙበት ወቅት አንድ ሰባኪ ስለዚሁ ነገር አስተማረ። ጉባኤው እልል ብሎ አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም።

እናቴ ምግብ መተዌንና ብቻዬን መሆኔን አይታ ‹መተት ነው› አለች። ከእንጦጦ በሃይላንድ ፀበል እያስመጣች በየጠዋቱ ትሰጠኛለች፣ እኔም ፊቷ ቆሜ እጠጣለሁ። ጨጓራዬን ሦስት ዓመት ታከምኩ። ኦሜፕራዞል ወስጄ ሲተወኝ ተመልሶ ይመጣል፣ ኢንዶስኮፒም ተነሥቼ ምንም የለም ተባልኩ። ካናዳ የሚኖር አንድ የማውቀው ልጅ ‹ለእናትህ እስካልነገርካት ድረስ ውሸታም ሆነህ ነው የምትኖረው› ይለኛል። ልንገራት? ካልነገርኳትስ እየዋሸኋት ነው? ልቤን በምን ላጠንክረው?»

መልስ፦

ልጄ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያ ጨለማ ኮሪደር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ስለ ጽናት ስትጠይቀኝ ጽናት የሌለህ አድርገህ ነው የጠየቅኸኝ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ማንም ሳይረዳው፣ ማንንም ሳይጎዳ፣ ራሱን ለማዳን የሌላ ሰው እርምጃ በማታ ከተለማመደ ጽናቱ ድሮም ነበረው። ያ መምህር አጥፍቷል። ልጅን በሰልፍ ፊት አውጥቶ ማሳቅ በየትኛውም እምነትና በየትኛውም ሕግ ማስተማር ሊባል አይችልም። የዚያን ቀን እፍረት ዘጠኝ ዓመት ተሸክመኸዋል፤ ባለቤቱ ግን እርሱ ነበር።

ድካምህን በተመለከተ እውነተኛ ምክንያት እንዳለው እወቅ። እንዴት እንደሚራመድ፣ እንዴት እንደሚስቅ፣ ስልኩ ሲጠራ ስም እንዳይታይበት፣ ድምፁ እንዳይቀጥን ቀኑን ሙሉ ራሱን የሚጠብቅ ሰው ሰውነቱ ጠላት እንደመጣበት ሰው ሁሌ ተወጥሮ ይውላል። ኢላን ሜየር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ዓይነቱን ጫና በዝርዝር አስረድቶታል። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ላይ ጭንቀትና ድባቴ በርክቶ የሚታየው ከፍቅራቸው የተነሣ ሳይሆን በዙሪያቸው ካለው ንቀት፣ ንቀቱን ሁልጊዜ ከመጠባበቅና ከመደበቅ የተነሣ ነው ይላል። እኛ ለማይነገር ነገር «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ያንተ ሆድ ነገሩን መፍጀት ሲያቅተው ነገሩ ሆድህን ይፈጀው ጀመር ብዬ እገምታለሁ። ሐኪም ስላልሆንኩ ሕክምናህን ተው አልልህም። በሚቀጥለው ቀጠሮህ ግን እንቅልፍ እንደማትተኛና ሐሳብ እንደሚበዛብህ ለሐኪምህ ንገረው። ምክንያቱን የመናገር ግዴታ የለብህም።

መተት አይደለም፤ በሽታም አይደለም። ይህ የእኔ የግል አስተያየት ብቻ እንዳይመስልህ አንድ ታሪክ ልንገርህ። ድሮ በሽታ ነው ይባል በነበረበት ዘመን ኤቭሊን ሁከር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ወንድ የሚወዱ 30 ወንዶችንና ሴት የሚወዱ 30 ወንዶችን የሥነ ልቦና ምርመራ እንዲወስዱ አደረገች። ውጤቱንም ማን የማን እንደሆነ ሳትናገር ለታወቁ ባለሙያዎች ሰጠቻቸው። ባለሙያዎቹ ሁለቱን ወገኖች መለየት አቃታቸው። ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973 ከበሽታዎች ዝርዝር አወጣው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1990 ዓለም አቀፉን የበሽታዎች መዝገብ ሲያሻሽል እንዲሁ አደረገ። ከየት ይመጣል ለሚለውም፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን የዘር መረጃ የመረመረ ጥናት አንድ ብቻውን የሚወስን ዘረ መል እንደሌለ፣ ብዙ ጥቃቅን የዘር ምክንያቶች ግን ድርሻ እንዳላቸው አሳይቷል። አባት ቤት ውስጥ አለመኖሩ ወይም ከእህት ጋር ማደግ ያመጣው አይደለም። አረማመድህም ቢሆን ለዚያ መምህር መሳቂያ ይሁን እንጂ ማንን እንደምትወድ የሚናገረው ነገር የለም፤ እንዳንተ የሚራመዱና ሚስትና ልጆች ያሏቸው ስንት ወንዶች አሉ።

አሁን ወደ እናትህ ልምጣ። የካናዳው ወዳጅህ ክፉ አስቦ እንዳልተናገረ አምናለሁ፤ የሚኖርበትን አገር ሆኖ ግን ነው የመከረህ። ካናዳ ይህን ከወንጀልነት ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1969፣ ጋብቻን የፈቀደችው ደግሞ በ2005 ነው። እርሱ ለእናቱ ተናግሮ ቢኳረፍ ነገ የሚከራየው ቤትና የሚከላከልለት ሕግ አለው። አንተ የምትኖረው በእናትህ ቤት ነው። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በአንድ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በእስራት ያስቀጣል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው የ1949 ዓ.ም. ሕግም ይከለክል ነበር። ሕጉ የሚጠይቀው ስለ ድርጊት እንጂ በልብ ስላለ ስሜት አይደለም፤ ሰፈር ግን ይህን ልዩነት አያውቅም። በነሐሴ 2015 የከተማዋ የሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ በሆቴሎችና በመዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ እንደሚወስድ ካስታወቀ በኋላ የነበረውን ፍርሃት አንተ ከእኔ ይበልጥ ታስታውሰዋለህ። ስለዚህ የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፤ አሁን አትንገራት። የራስህ ገቢና ቢመጣ የምታድርበት ሌላ ጣራ እስኪኖርህ ድረስ ቆይ። ዕቁብ ግባ፣ ሙያህን አሳድግ፣ እንደ ማንኛውም የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነገህን አስብ። ይህን ስታደርግ እናትህን ትተህ የምትሸሽ አድርገህ ራስህን አትቁጠር።

እየዋሸኋት ነው ወይ ብለሃል። አይመስለኝም። እናትህ ራሷ ላንተ ያልነገረችህ፣ ከአባትህ ጋር የሆነችው፣ ያለቀሰችው፣ የተሸከመችው ስንት ነገር አለ፤ ውሸታም ብለሃት አታውቅም። በአገራችን ልጅና እናት ሁሉን ነገር እየተነጋገሩ አይኖሩም፤ ቢሆንም ይዋደዳሉ። ውሸት የሚሆነው የሌለህን እጮኛ ስም ስትጠራላት፣ ከዚያም ብሶ የማትፈልጋትን ሴት አግብተህ ሦስተኛ ሰው ስትበድል ነው። የቡና ጎረቤቶቿ «መቼ ትድሪዋለሽ?» ሲሏት «ገና ነው፣ ራሴን ልቻል» ብትል እውነት ነው የተናገርከው።

ይሁን እንጂ ማንም ሳያውቅህ መኖር አትችልም። አንድ ሰው ያስፈልግሃል፤ ብዙ ሳይሆን አንድ ብቻ። ያ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ስላንተ ከመናገርህ በፊት እዚያ ስለሌሉ ሰዎች እንዴት እንደሚያወራ ስማው። የሌላውን ገመና እያጣፈጠ የሚያወራልህ ሰው ያንተንም ለሌላው እንዲሁ ያቀርበዋል። የጎረቤትን ልጅ ሲያሙ ዝም የሚል ወይም «ተዉት እባካችሁ» የሚል ሰው ካገኘህ በእርሱ ላይ ጊዜህን አውል። ስትነግረው ፊት ለፊት፣ እየተራመዳችሁ ይሁን፤ በቴሌግራም የተጻፈ ነገር ይገለበጣል። ምናልባት ታናሽ እህትህ ልትሆን ትችል ይሆን? በደብዳቤህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሣሃት፤ ክፉ ነገር ግን አልተናገርክባትም። ደግሞም ሐኪምም ሆነ ጠበቃ በሥራው ያወቀውን ምሥጢር ቢያወጣ በወንጀል ሕግ እንደሚጠየቅ እወቅ፤ የአእምሮ ጤና ሕክምና ለማግኘት አማኑኤል ብቻ አይደለም ያለው፣ በጳውሎስ፣ በዘውዲቱና በየካቲት 12 ሆስፒታሎችም ይሰጣል።

በስልክ ስለሚተዋወቁህ ሰዎች ላስጠነቅቅህ። ወዳጅ መስለው ቀርበው ፎቶ ከወሰዱ በኋላ «ለቤተሰብህ እንልካለን» እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ አሉ። ፊትህ ያለበትን ፎቶ አትላክ፤ የመጀመሪያውን ቀጠሮ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ካፌ አድርግ። ቢያስፈራሩህ አትክፈል፤ የከፈለ ሰው በሚቀጥለው ወር በእጥፍ ይጠየቃል። መልእክቶቹን ሳታጠፋ አስቀምጥ፤ ወደ ፖሊስ ከመሄድህ በፊትም ጠበቃ አማክር። አስፈራርቶ ገንዘብ መቀበል በሕግ ወንጀል ነው፤ ነገር ግን ያንተን ጉዳይ እንዴት ማቅረብ እንደሚሻል የሚያውቅ ሰው ከጎንህ ይኑር።

ስላጨበጨብከው ጭብጨባ ምን ልበልህ? የሃያ ዓመት ልጅ ነበርክ፣ በዙሪያህ ብዙ መቶ ሰው ነበር፣ እጅህን ብታጥፍ ሰው ያይህ ነበር። ራስህን ይቅር በል። ስለ ዶግማ የመናገር ሥልጣን ስለሌለኝ የሰባኪውን ትምህርት አልከራከርም። ነገር ግን ጸሎት የሰባኪ ንብረት አይደለም። ናፍቆህ ከሆነ ጉባኤ በሌለበት ቀን፣ በማለዳ፣ ቅጥር ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥ። መዝሙሮቹን በቃልህ ታውቃቸዋለህ።

አንድ ነገር ደግሞ ላዝዝህ። ከሰፈርህ አልፎ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሲያልቅ የሚጀምር የጤፍ ማሳ መኖሩን አውቃለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ጎህ ሲቀድ ወደዚያ ሂድ፤ ስትደርስ የአጎትህን እርምጃ ተወውና በራስህ እርምጃ ግማሽ ሰዓት ተራመድ። እጅህንም ከኪስህ አውጣ። መጀመሪያ ላይ የራስህ አረማመድ የቱ እንደነበረ ሊጠፋህ ይችላል። ይመለሳል። ከሁለት ወር በኋላ ጻፍልኝ።

ሁለተኛው ደብዳቤ፣ ከለገጣፎ

«27 ዓመቴ ነው፤ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ሦስት ዓመት ተዋደድን፤ ከተመረቅን በኋላ ቤተሰቦቿ ዳሯት። አሁን አንድ ሰው ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው። እርሱንም ከልቤ እወደዋለሁ፤ ሲደውልልኝ ደስ ይለኛል። እኔን የሚያውቁ ሁለት ዜጋ ጓደኞቼ ‹ሸሽተሽ ነው የምታገቢው› ይሉኛል። እኔ ማን ነኝ? ያለፈው ነገር ልጅነት ነበር? ለእርሱስ ልነግረው ይገባኛል?»

መልስ፦

እኅቴ፣ ልጅነት አልነበረም። ሦስት ዓመት የወደድሻትን ሴት አሁን ሌላ ሰው ስለወደድሽ መካድ የለብሽም፤ እርሷን ስለወደድሽም ለእርሱ ያለሽ ፍቅር የውሸት አይሆንም። ለሁለቱም ጾታ የሚሳቡ ሰዎች አሉ። አልፍሬድ ኪንሴይ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት የሰዎችን ዝንባሌ በሁለት ሣጥን ከመክፈል ይልቅ ከ0 እስከ 6 በሚደርስ መለኪያ ያስቀመጠው በመካከል የሚገኙ ብዙ ሰዎችን ስላገኘ ነው። ያንቺ ብቸኝነት እጥፍ እንደሆነ ይገባኛል። አብዛኛው ሰው «አንቺ ከእነርሱ ነሽ» ይልሻል፤ እነርሱ ደግሞ «አንቺ ከእኛ አይደለሽም» ይሉሻል። ጓደኞችሽ የሚናገሩት ከራሳቸው ቁስል ይመስለኛል፤ አትቀየሚያቸው፣ ግን ልብሽን እንዲተረጉሙልሽ አትፍቀጂላቸው።

መንገር አለብኝ ወይ ለሚለው ብዙ አስቤበታለሁ፤ ሐሳቤም አልጸናም። ለመጀመሪያው ጠያቂያችን አትንገራት ያልኩት እናቱ ስለሆነች ነው፤ ባል ግን አንድ ትራስ የሚጋራሽ ሰው ነው። ያለፈ ፍቅርሽን ስም የመዘርዘር ዕዳ የለብሽም፤ እርሱም የራሱን አልዘረዘረልሽም ይሆናል። ዕዳ ያለብሽ እርሱን ፈልገሽ እንድታገቢውና እንድትታመኝለት ነው። ሆኖም እንዳይታወቅብኝ እያልሽ በየሌሊቱ የምትባንኚ ከሆነ ትዳሩ በዘበኛ ይጀምራል። ደግሞ የነገርሽው ነገር በጠብ ቀን ተመልሶ መሣሪያ እንዳይሆንብሽ ሰውየው ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ይኖርብሻል። ገና ካላየሽው ጊዜ ያስፈልግሻል። ለዚህ ደግሞ ባህላችን ራሱ ይረዳሻል፤ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጠውም፣ ቀጠሮ ነው የሚሰጠው። ለቤተሰብሽ «ሁለተኛ ቀጠሮ ስጧቸው፣ ከዚያም ሦስተኛ» በያቸው። በእነዚያ ወራት የቤት ኪራይ ሲዘገይ፣ እናቱ ስትታመም፣ ወይም ሌሎች ስለ ዜጎች ክፉ ሲናገሩ እንዴት እንደሚሆን ተመልከቺ። በተለይ የመጨረሻው ብዙ ይነግርሻል።

ሦስተኛው ደብዳቤ፣ ከአሸዋ ሜዳ

«የምጽፍልዎ እያለቀስኩ ነው። 19 ዓመት የሆነው ልጄ ስልክ ላይ ከወንድ ጋር የተጻጻፈውን አየሁ። መጀመሪያ ካደ፣ ኋላ እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። አባቱ አላወቀም። ጎረቤቴ አንድ ፀበል ቦታ ሰውን ለወራት አስቀምጠው ያድናሉ አለችኝ፣ በግድም ቢሆን ልውሰደው ብዬ አስቤያለሁ። የሚጠጣበትን ስኒና የሚበላበትን ሳህን ለይቻለሁ። አብሮን ማዕድ አይቀርብም፣ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚውለው። ምን በድዬ ነው እንዲህ የሆነብኝ?»

መልስ፦

እኅቴ፣ አንዳች አልበደሉም። ልጅዎን አብዝተው ስላቀፉት፣ ወይም አባቱ ስለተቆጣው የመጣ ነገር አይደለም። ደብዳቤዎን ያነበብኩት በአንድ እስትንፋስ ነው፤ ምክንያቱም አሁን የሚያስፈራኝ የልጅዎ ሕይወት ነው።

በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በወጣቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት፣ በዚህ ምክንያት ቤተሰባቸው አጥብቆ የገፋቸው ልጆች ካልተገፉት ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከራቸው ዕድል 8.4 እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። አገሩ ሌላ ነው፤ እናትን የማጣት ሕመም ግን ያው ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ብቻውን ሲሆን «ልጄ፣ መሞት ያሰኝሃል ወይ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስተምረውም፣ ይልቁን ያቀለዋል። አዎ ካለዎ ብቻውን አይተዉት፤ ወደ ሆስፒታል አብረውት ይሂዱ። የአይጥ መርዝና በረኪና በቤት ውስጥ ካሉ ዛሬ ያርቋቸው።

ስለ ፀበሉ፣ እምነትዎን አከብራለሁ። ልጅዎ ወድዶ ቢጠመቅና ቢጸልይ የእርሱና የፈጣሪው ጉዳይ ነው። ሰውን በግድ አስሮ ማስቀመጥ፣ መግረፍ ወይም ማስራብ ግን ልብን ይሰብራል እንጂ ፍቅርን አይለውጥም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ቡድን የተደረጉ ጥናቶችን ሁሉ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሪፖርት ዝንባሌን በሕክምና ወይም በምክር መለወጥ እንደሚቻል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እንደሌለ፣ ጉዳት ግን ሊያስከትል እንደሚችል ደምድሟል። ወስደውት ቢመለስ አንድ ነገር ብቻ ተምሮ ይመጣል፤ ከእርስዎ መደበቅን።

ለአባቱም አሁን አይንገሩ። ምሥጢሩ የልጅዎ ነው፤ እርስዎ ያወቁት ስልኩን ስላዩ እንጂ እርሱ ስለሰጠዎ አይደለም። ለጎረቤትዎ ምን ያህል እንደነገሯት አላውቅም። ስሙን ካልጠሩላት ወሬውን በዚያው ያቁሙት፤ ብትጠይቅዎም «ጨርሰናል፣ የትምህርት ነገር ነበር» ይበሏት። እርስዎ ራስዎ የሚያለቅሱበት ሰው ያስፈልግዎታል፤ እኅት ካለችዎና አፏ የሚጠበቅ ከሆነ ለእርሷ፣ ካልሆነም ለሐኪም ይንገሩ። ልጁን ለመረዳት ዓመታት ሊፈጅብዎ ይችላል። ያ ሁሉ ጊዜ አለዎት። ዛሬ ሁሉንም መቀበል አይጠበቅብዎትም፤ ዛሬ የሚጠበቅብዎ ልጁ በሕይወት እንዲያድር ነው።

ስኒውን ግን ዛሬ ይመልሱት። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ያለባቸውን የገዛ ዘመዶቻችንን ስኒና ሳህን የለየንበትን ጊዜ እርስዎም እንደሚያስታውሱ እገምታለሁ፤ ስኒው ከሞታቸው ቀድሞ የገደላቸው ነበሩ። አንዲት የማውቃት ሴት የታናሽ ወንድሟን ስኒ እስከ ዛሬ ድረስ ቁም ሣጥን ውስጥ ይዛዋለች፤ አጥባ ከሌሎቹ ጋር ሳትደባልቀው ነው ያረፈው። ማታ ቡና ሲያፈሉ የልጅዎን ስኒ ከሌሎቹ ጋር ረከቦቱ ላይ ይደርድሩት። የሚሉትን ባያውቁ ምንም አይበሉ። በሩን አንኳኩተው «ቡናው ደርሷል፣ ና» ይበሉትና አቦሉን ለእርሱ ይቅዱለት።